ኢትዮጵያ ሬድ ሊስት ውስጥ ገባች፤ እናቴ ልታርሰኝ መምጣት ትችል ይሆን?

ሰኔን_ጠባቂ
ማርች 15፣ 2021

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ለንደን ነው። ልቤ ተረብሾ ነው የምጽፈው፤ ነገሩ ከተምታታባችሁ ይቅርታ።

የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። ቀኔ ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። እናቴ ደሴ ናት። መጥታ ልታርሰኝ በፌብሩዋሪ የስድስት ወር የጉብኝት ቪዛ አግኝታለች። ቲኬቷ ለኤፕሪል 20 ተቆርጧል። በርበሬው ተፈጭቷል፤ የገንፎው ዱቄት ተዘጋጅቷል፤ ለአጥሚት የሚሆነውም ተቋጥሯል። ዛሬ ደግሞ ዜናው መጣ። ከአርብ ማርች 19፣ በለንደን ሰዓት ከንጋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ (በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 10 ሰዓት) ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ ኦማንና ኳታር ሬድ ሊስት (እንግሊዝ በኮቪድ ምክንያት ጥብቅ የመግቢያ ገደብ የጣለችባቸው ሀገሮች ዝርዝር) ውስጥ ይገባሉ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቪዛዋ የጸና ነው። ሆቴል ውስጥ 10 ቀን ትቆይ ካሉ እኔና ባለቤቴ ተበድረንም ቢሆን እንከፍላለን። ታዲያ ያስገቧታል? በትክክል የምታውቁ ንገሩኝ፤ ግምት አሁን አይጠቅመኝም።


የጉዞ_ወረቀት
ማርች 15፣ 2021

እህቴ፣ መጀመሪያ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ያብቃን። ሥራዬ ቲኬት መቁረጥ ስለሆነ ዛሬ ሙሉ ቀን ይህንኑ ሳነብ ነው የዋልኩት።

መልሱ ከባድ ነው። ሬድ ሊስት ላይ ካለ ሀገር መግባት የሚችለው የብሪታንያ ወይም የአየርላንድ ዜጋ፣ ወይም እዚህ የመኖሪያ መብት ያለው ሰው ብቻ ነው። ኢንዴፊኒት (የዘለቄታ መኖሪያ ፈቃድ) ያለው፣ ቢአርፒ (የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ) የያዘ፣ የትዳር ወይም የተማሪ ቪዛ የተመታለት ይገባል። ጎብኚ አይገባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሆቴሉ ላይ ነው። 1,750 ፓውንድ ከከፈልኩ ያስገቡኛል ብሎ ያስባል። ሆቴሉ ግን መግባት ለተፈቀደለት ሰው ነው። እናትሽ በሩ ላይ ነው የምትመለሰው፤ እንዲያውም ቦሌ ላይ አያሳፍሯትም።

ልብ በይ፤ ደንቡ የሚጠይቀው ባለፉት 10 ቀናት የት ነበርሽ ብሎ ነው። የፓስፖርቱ ቀለም ለዚህ ጥያቄ አይገባበትም። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከአርብ ንጋት በፊት ለንደን መድረስ ነው። ሐሙስ ሌሊት የሚነሳው አውሮፕላን አርብ ጧት ስለሚገባ አይሆንም። ረቡዕ ሌሊት መነሳት አለባት። የኮቪድ ምርመራው (ፒሲአር) ከጉዞው በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ የተሠራ ይሁን። የመንገደኛ መገኛ ቅጹን አንቺ በኢንተርኔት ሙይላት። በሁለተኛውና በስምንተኛው ቀን የምትመረመርበትን ጥቅል ደግሞ አስቀድመሽ ግዢ፤ 210 ፓውንድ ነው። ከዚያ ቤትሽ 10 ቀን ተለይታ ትቀመጣለች።

ሁለተኛው መንገድ ሊስቱ ላይ በሌለ ሦስተኛ ሀገር ሙሉ 10 ቀን ቆይቶ መምጣት ነው። በሬድ ሊስት ሀገር ትራንዚት ማድረግ ግን ይቆጠራል፤ ከኤርፖርቱ ሳይወጡም ቢሆን።

ዛሬ ማታውኑ ደውይላት።


ባለ_ቀይ_ሻንጣ
ማርች 16፣ 2021

እኔም ልጠይቅ። ባለቤቴ አዳማ ናት። የትዳር ቪዛዋ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ስንጠብቅ አሥራ አራት ወር ሆነን። እሷስ?


የጉዞ_ወረቀት
ማርች 16፣ 2021

ትገባለች ወንድሜ። ከአርብ በኋላ ከመጣች ግን ሆቴሉ ግዴታ ነው። ከመነሳቷ በፊት ተይዞ መከፈል አለበት፤ አለዚያ አያሳፍሯትም። ለአንድ ሰው 1,750 ፓውንድ ነው፤ ምግቡና ሁለቱ ምርመራዎች ውስጡ ናቸው። በድጎማ የምትኖር ከሆነ በ12 ወር ከፍሎ መጨረስ ይቻላል። ቅጹ ላይ የነበረችበትን ሀገር በትክክል ጻፉ። መዋሸት እስከ 10 ዓመት እስር ያመጣል።


ሰኔን_ጠባቂ
ማርች 18፣ 2021

አልደረሰችም።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከደሴ ተነሳች። ማታ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ገባች። ረቡዕ ጧት 2 ሰዓት ላይ ናሙና ሰጠች። ውጤቱ ለማታ ይደርሳል ብለዋት ነበር። ሌሊት ሻንጣዋን ይዛ ቦሌ ቆማ፣ የአክስቴ ልጅ በደቂቃ በደቂቃው ስልኩን እያየ፣ አውሮፕላኑ ሄደ። ውጤቱ ሐሙስ ጧት 4 ሰዓት ላይ መጣ። ነጋቲቭ።

እኔ ስልኩ ላይ ሳለቅስ ያጽናናችኝ እሷ ናት። «ዋናው በሰላም መገላገልሽ ነው፤ ገንፎውን ማንም ያገነፋዋል» አለችኝ። ድምጿ ግን ሌላ ነበር።

የረዳችሁኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።


ነርስ_ከበርሚንግሃም
ማርች 19፣ 2021

እህቴ፣ እኔም እናት ነኝና ሕመምሽ ይሰማኛል። ግን ሌላውንም ወገን ልንገራችሁ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። በጃንዋሪ ሰዎች ቤተሰባቸውን በታብሌት ሲሰናበቱ ታብሌቱን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከእኛው ሰዎች መካከልም የሸኘኋቸው አሉ። አሁን ክትባቱ ሰው እያዳነ ነው። ሁላችንም የምንፈራው ክትባቱን የሚያልፍ ዝርያ እንዳይመጣ ነው። ደቡብ አፍሪካ በፌብሩዋሪ አስትራዜኔካን ለጊዜው ያቆመችው እዚያ በታየው ዝርያ ምክንያት ነው። አዲስ አበባም በዚህ ወር ታማሚው በጣም እየበዛ ነው፤ እህቴ ኦክስጅን ፍለጋ ስትዞር ነው የሰነበተችው። መዝጋቱን የምደግፈው እናትሽን ጠልቼ አይደለም።


ሰኔን_ጠባቂ
ማርች 19፣ 2021

ነርስ እህቴ፣ የምትሠሪውን ሥራ አከብራለሁ። እኔም ቫይረሱን እፈራለሁ፤ ሁለት ነፍስ ነኝ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ቢአርፒ የያዘ ሰውና እናቴ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንድ አየር ነው የሚተነፍሱት። እሱ 10 ቀን ሆቴል ተቀምጦ ይወጣል። ሆቴሉ ለእሱ በቂ መከላከያ ከሆነ ለእሷስ ለምን አልበቃም? ይህን የምለው እሱ ይከልከል ብዬ አይደለም። ቫይረሱ ቪዛ አያነብም ለማለት ነው።


ነርስ_ከበርሚንግሃም
ማርች 20፣ 2021

ጥያቄሽ ትክክል ነው። እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው። የሆቴሉ ክፍል የተወሰነ ነው። ስለዚህ መንግሥት ቅድሚያ የሚሰጠው መከልከል ለማይችለው ሰው ነው። ዜጋን ከገዛ ሀገሩ ማባረር አይቻልም። ነዋሪም ቤቱ፣ ሥራው፣ ልጆቹ እዚህ ናቸው። ጎብኚ ግን መመለሻ ቤት አለው ተብሎ ይታሰባል። እናትሽ «ጎብኚ» መባሏ ነው ስህተቱ። የመጣችው ቢግ ቤን ልታይ አይደለም።


ነታንያ_7
ማርች 21፣ 2021

«ዜጋን መከልከል አይቻልም» ያልሽው ላይ ልጨምር። እኔ እስራኤል ነው የምኖረው። እዚህ እሱም ተሞክሯል። ጃንዋሪ 26 ላይ ቤን ጉሪዮን ኤርፖርት ተዘጋ፤ ከጥቂት ልዩ በረራዎች በስተቀር የሀገሩ ዜጋ ራሱ ውጭ ቀረ። የሚገባውን የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። በኋላ በቀን 3,000 ሰው ብቻ ይግባ ተባለ። ከአራት ቀን በፊት፣ ማርች 17፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህን ቁጥር ከሕገ መንግሥታዊ መብት ጋር የማይሄድ ነው ብሎ ሻረው።

ደግሞ ሌላውን ተመልከቱ። ኤርፖርቱ ለሁሉም በተዘጋበት በፌብሩዋሪ፣ ከኢትዮጵያ ለመኖር የሚመጡ አዲስ ገቢዎችን የጫነ አውሮፕላን አረፈ። ከዲሴምበር ጀምሮ 2,000 ገደማ ሰው በዚህ መንገድ ገባ። የመጀመሪያው በረራ 316 ሰው ይዞ ዲሴምበር 3 ሲገባ የአጎቴ ልጆች ውስጡ ነበሩ። ጎንደር ላይ ለዓመታት ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። በሩ ክፍት በነበረ ጊዜ አልገቡም፤ ዓለም ሲዘጋጋ ገቡ። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ ጎንደር ናት።

አንድ ቤተሰብ ውስጥ ማን ገባ፣ ማን ቀረ ብሎ መቁጠር ያማል።


ሲልቨር_ስፕሪንግ
ማርች 21፣ 2021

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ይህን ክር ሳነብ እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቡና እየቆላች ነው። በፌብሩዋሪ በቱሪስት ቪዛ፣ በቀጥታ በረራ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፣ ዳላስ ኤርፖርት ገባች። የተጠየቀችው ፒሲአር ብቻ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አሜሪካ ያገደችው ባለፉት 14 ቀናት ቻይና፣ ኢራን፣ የአውሮፓ ሼንገን ሀገሮች፣ እንግሊዝና አየርላንድ፣ ብራዚልና ደቡብ አፍሪካ የነበረን ሰው ነው። ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ ከደሴ የሚመጣ ጎብኚ ይገባል፤ ሽቱትጋርት ያለው ወንድሜ ግን የጀርመን ፓስፖርት ይዞ መምጣት አልቻለም። እናቴን አንድ ዓመት ያላያት እሱ ነው።

እዚህም ከእገዳው የሚወጡ ቤተሰቦች ዝርዝር አለ። ከታገዱት ሀገሮችም ቢሆን የዜጋና የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ወይም ባል ይገባሉ። ወላጅም አለበት። ግን ልጁ ከ21 ዓመት በታችና ያላገባ ከሆነ ነው። ማለትም ትልቅ ሰው ሆነሽ ስትወልጂ እናትሽ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም።


ዲቪ_2020
ማርች 22፣ 2021

ወንድሜ፣ ኢትዮጵያ የለችበትም ያልከው ለጎብኚ እውነት ነው። ለእኛ ለዲቪዎቹ ግን ሌላ ነበር። ኤፕሪል 2020 ላይ ወጥቶ የነበረው ትእዛዝ ከየትም ሀገር ይሁን የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ እንዳይሰጥ አቆመ። የዜጋ ሚስትና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ኮቪድን የሚያክሙ ሐኪሞችና ነርሶች ተለዩ። የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ቀረች። የዜጋ እናት ቀረች። ዲቪ ሙሉ በሙሉ ቀረ።

ዲቪ ደግሞ ሴፕቴምበር 30 ላይ ይሞታል። ያን ቀን ካለፈ ዕጣሽ ወረቀት ነው። እኔ ሥራዬን ለቅቄ፣ የቤቱን ዕቃ ሸጬ ነበር የምጠብቀው። ዋሽንግተን ያሉት ዳኛ አሚት መህታ ሴፕቴምበር 4 ላይ መሥሪያ ቤቱ የዲቪ ቪዛዎችን እንደገና እንዲሠራ አዘዙ። ሃያ ስድስት ቀን ነበር የቀረው። ከእኛ ውስጥ የተጠራ ተጠራ፤ እኔን አልደረሰኝም። እገዳው ባለፈው ወር፣ ፌብሩዋሪ 24፣ ተነሳ። ለ2020 ግን ረፍዷል።

ርእሱን ካዛባሁ ይቅርታ። ሲጫነኝ ነው የቆየው።


እትዬ_ፉትስክሬይ
ማርች 23፣ 2021

ልጆቼ፣ እኔ ሜልቦርን ነኝ። ዕድሜዬ ስድሳ አምስት ነው። የአውስትራሊያ ዜጋ ከሆንኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል።

የእኔ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ልጄ ሊድስ ናት፤ ባለፈው ኦክቶበር ወለደች። እንግሊዝ እኔን አልከለከለችኝም። መውጣት የከለከለችኝ ያለሁባት ሀገር ናት። ከማርች 2020 ጀምሮ ዜጋም ሆነ ነዋሪ ያለ ልዩ ፈቃድ ከአውስትራሊያ አይወጣም። ልጄን ላርስ ብዬ ሁለት ጊዜ አመለከትኩ። ሁለቱንም አልሆነም። ከወጣሁ ደግሞ መመለሻው ከባድ ነው፤ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተገደበ ነው፣ ሆቴሉም 3,000 ዶላር ነው።

እናት ወደዚህ ማምጣትም አይቻልም። እዚህ «የቅርብ ቤተሰብ» የሚሉት ባልና ሚስትን፣ በእጅ ያለን ልጅና አሳዳጊን ነው። ወላጅ አይገባበትም። ይህን ወረቀት ሲያነቡልኝ ደግመው እንዲያነቡልኝ ጠየቅኩ። እኔ አሥራ ሁለት ሰው ያረስኩ ሴት ነኝ። እናት የቅርብ ካልሆነች ማን ነው የቅርብ?


ሰኔን_ጠባቂ
ማርች 23፣ 2021

እትዬ፣ አስለቀሱኝ። ልጅዎ ሊድስ ከሆነች በግል መልእክት ስልኳን ይላኩልኝ። እደውልላታለሁ።


ካልጋሪ_በረዶ
ማርች 24፣ 2021

እትዬ፣ እዚህ ካናዳ ጥያቄዎን መልሰውታል። ማርች 2020 ላይ ለውጭ ሰው ዘግተው ነበር። ጁን 8 ላይ የዜጋና የነዋሪ የቅርብ ቤተሰብ ይግባ ሲሉ ወላጅን ጨመሩ። ኦክቶበር ላይ ደግሞ ወንድም፣ እህት፣ አያት፣ ትልልቅ ልጆችም በጽሑፍ ፈቃድ እንዲገቡ ሆነ። እናቴ በኦገስት መጥታ 14 ቀን ምድር ቤት ተለይታ ተቀመጠች፤ ምግቧን ደረጃው ላይ አስቀምጬ እሮጥ ነበር። ከዚያ ሚስቴን አረሰች። ማንም አልታመመም።

ስለዚህ ሊደረግ የማይችል ነገር አልነበረም። ፈቃደኝነቱ ካለ መንገዱ አለ። አሁን እሱም ጠበቅ ብሏል፤ ከፌብሩዋሪ 22 ጀምሮ በራስ ወጪ የሆቴል ሌሊቶች ተጨምረዋል። ግን እናት አሁንም ትገባለች።


የጉዞ_ወረቀት
ማርች 27፣ 2021

ሰኔን_ጠባቂ፣ ሦስተኛ ሀገሩን አሰብሽበት? ለኢትዮጵያዊ ቪዛ የማትጠይቅ፣ ቀጥታ የለንደን በረራ ያላት ናይሮቢ ናት። ኬንያ ሊስቱ ላይ የለችም። እናትሽ 10 ቀን ቆይታ መምጣት ትችላለች።


ሰኔን_ጠባቂ
ማርች 29፣ 2021

አስበንበታል። ናይሮቢ የባለቤቴ የአጎት ልጅ አለ። እማዬ «ለአንቺ ስል እንኳን ናይሮቢ…» ብላ እሺ አለች። ቲኬቱን ለኤፕሪል 6 እያየን ነው።


ሰኔን_ጠባቂ
ኤፕሪል 2፣ 2021

ኬንያም ገባች። ከኤፕሪል 9 ጀምሮ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽና ከፊሊፒንስ ጋር። ቲኬቱን ነገ ልንከፍል ነበር።

ከእንግዲህ እማዬን ከሀገር ሀገር አላንከራትታትም። ከፍለን ብትሄድ ኖሮስ? ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ናይሮቢ ላይ በሩ ቢዘጋባት ምን ይውጣት ነበር?


ባለ_ቀይ_ሻንጣ
ኤፕሪል 25፣ 2021

ባለቤቴ ገባች። ዛሬ ከሆቴሉ ወጣች። ለሚመጡት ይጠቅም እንደሆን ልጻፈው።

ሂትሮው ላይ አራት ሰዓት ተሰልፋለች። ከሌላ ሀገር ከመጡት ጋር አንድ አዳራሽ ውስጥ። ከዚያ በአውቶቡስ ወሰዷቸው። አሥራ አንድ ሌሊት ነው። መስኮቱ አይከፈትም። ቀን ቀን ጠባቂ አጅቧት የመኪና ማቆሚያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ትራመዳለች። ያስቸገረን ጾሙ ነበር። ሁዳዴ ነው፤ የሚያመጡላት ደግሞ እንቁላልና ዶሮ ነው። የጾም ምግብ ብላ ብታስረዳም አልገባቸውም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በዳቦና በሙዝ ነው የቆየችው። በኋላ እኔ በየሁለት ቀኑ እንጀራና ሽሮ እያደረስኩ እንግዳ መቀበያው ላይ አስቀምጥ ነበር። ከታች ቆሜ አራተኛ ፎቅ ላይ እጇን ስታውለበልብ አያታለሁ። አሥራ አምስት ወር ተለያይተን በሃያ ሜትር ርቀት ነው የተገናኘነው።

የሚመጣላችሁ ጾመኛ ከሆነ በሶና ቆሎ ሻንጣው ውስጥ ይያዝ።


ነርስ_ከበርሚንግሃም
ሜይ 3፣ 2021

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ትናንት በዓሉን ሥራ ላይ ነው ያሳለፍኩት።

በማርች የጻፍኩትን እያሰብኩበት ነበር። ፓኪስታንና ባንግላዴሽ ኤፕሪል 9 ሲዘጉ ሕንድ ክፍት ሆና እስከ ኤፕሪል 23 ቆየች። አሁን ሁሉም የሚያወራው ከሕንድ ስለገባው ዝርያ ነው። መዝጋት ይጠቅማል የሚለውን ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን የሚዘጋው በቫይረሱ ልክ ነው ብዬ ነበር የማምነው። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። እህቴ፣ ይህን ላንቺ መናገር አለብኝ ብዬ ነው።


ነታንያ_7
ሜይ 4፣ 2021

እኛም ከትናንት ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ መሄድ ተከልክለናል። ሰባት ሀገር ነው፤ ሕንድ፣ ብራዚል፣ ሜክሲኮ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቱርክ፣ ዩክሬንና ኢትዮጵያ። አክስቴ ታማለች። ለልዩ ፈቃድ አመልክቻለሁ።


ሰኔን_ጠባቂ
ጁን 9፣ 2021

ሴት ልጅ። እሑድ ሌሊት። ሁለታችንም ደህና ነን።

የአካባቢያችን የማርያም ማኅበር እናቶች ተራ ገብተው እየመጡ ነው። አንዷ ገንፎ፣ አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ዶሮ። የእትዬ ልጅም ከሊድስ በባቡር መጥታ ሁለት ቀን አድራ ሄደች። እማዬ በቪዲዮ «ወገቧን እሰሩላት፣ ብርድ አይንካት» እያለች ከደሴ ታዝዛለች። ስልኩን ከኩሽና ወደ መኝታ ቤት ይዘው ይዞራሉ።


እትዬ_ፉትስክሬይ
ጁን 10፣ 2021

እልልልልል! እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ። ጭርታ አትሁኑ፤ ቤቱ ሰው ይኑርበት። ቅቤውን እንዳትፈሪ።


ከሪያድ
ጁላይ 7፣ 2021

እንደምን ናችሁ። ይህን ክር ጓደኛዬ ነው የላከችልኝ። ሪያድ ሰው ቤት እሠራለሁ። ኢቃማ (የሳዑዲ መኖሪያ ፈቃድ) አለኝ። እናቴን ልጠይቅ ለሁለት ወር ወሎ መጥቼ ነበር። ጁላይ 4 ሳዑዲ ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ዘጋች። መግባት የሚፈልግ 14 ቀን ሌላ ሀገር ቆይቶ ነው አሉ። የሌላ ሀገር ሆቴል በእኔ ደመወዝ? አሠሪዬ እስከ መስከረም ካልመጣሽ ሌላ እቀጥራለሁ ብላለች። መኖሪያ ፈቃድ ያለው ይገባል ስትሉ አየሁና ግራ ገባኝ።

ባለፈው ዓመት ዓለም ሁሉ ሲዘጋ ሳዑዲ እኛን በአውሮፕላን እየጫነች ወደ ቦሌ ትልክ ነበር። ኢትዮጵያም ተቀበለች፤ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ 14 ቀን አስቀመጠችን። አንዷ እኔ ነበርኩ። ደግሜ በሕጋዊ መንገድ ሄጄ ነው ይህ የገጠመኝ።


የጉዞ_ወረቀት
ኦገስት 26፣ 2021

ከሪያድ እህቴ፣ አዲስ ነገር አለ። ከትናንት በስቲያ ሳዑዲ ሁለቱንም ክትባት ሳዑዲ ውስጥ ሆኖ የወሰደና ኢቃማ ያለው በቀጥታ ይግባ ብላለች። አንቺ ሁለቱን ወስደሻል?


ከሪያድ
ኦገስት 27፣ 2021

አንዱን ብቻ። ሁለተኛው ቀጠሮዬ ከመጣሁ በኋላ ነበር።


ሰኔን_ጠባቂ
ኦገስት 30፣ 2021

ልጄ ባለፈው ማክሰኞ ክርስትና ተነሳች። እማዬ በስልክ ነው ያየችው። መብራት ሄዶባት መሀሉን አላየችም።

ከእኛ ጋር አንድ ቀን የገባችው ኳታር ኦገስት 8 ላይ ከሬድ ሊስት ወጣች። ኤምሬትስም ሕንድም ወጡ። እኛ ቀረን። ሆቴሉም ኦገስት 12 ላይ 2,285 ፓውንድ ሆነ። የእማዬ ቪዛ ሳትጠቀምበት በዚህ ወር አለቀ።


የጉዞ_ወረቀት
ኦክቶበር 7፣ 2021

ሰኔን_ጠባቂ!!! 47 ሀገሮች ይወጣሉ። ኢትዮጵያ አለችበት። ከሰኞ ኦክቶበር 11፣ ንጋት 4 ሰዓት ጀምሮ። ሊስቱ ላይ የሚቀሩት ሰባት ብቻ ናቸው።

እናትሽ ሁለቱን ክትባት ካልጨረሰች ከመነሳቷ በፊት ትመረመራለች፣ ቤትሽ 10 ቀን ትለያለች፣ በሁለተኛውና በስምንተኛው ቀን ትመረመራለች። ሆቴል የለም። ጎብኚም ይገባል። አዲሱን ቪዛ አሁኑኑ ጀምሩ፤ ክፍያው 95 ፓውንድ ነው።


ሰኔን_ጠባቂ
ኖቬምበር 22፣ 2021

መጥታለች።

ቅዳሜ ጧት ሂትሮው ደረሰች። ልጄ አምስት ወር ከግማሽ ሆኗታል። መጀመሪያ አላወቀቻትምና አለቀሰች፤ በስልኩ ነው የለመደቻት። ተለይታ የምትቀመጥበትን ክፍል አዘጋጅተንላታል። ግን ጧት ስነሳ ኩሽና ቆማ አገኘኋት፤ ማስኳን አድርጋ ገንፎ ታገነፋለች። ያ በማርች የተዘጋጀው ዱቄት ነው። «እማዬ፣ አራስነቱ እኮ አለፈ» አልኳት። «ለእኔ ገና ነው» አለችኝ። መሀሉ ላይ በቅቤና በበርበሬ ሞልታ ሰጠችኝ። ቆሜ ጨረስኩት።


እትዬ_ፉትስክሬይ
ኖቬምበር 23፣ 2021

ተመስገን። እዚህም ኖቬምበር 1 ላይ ወላጅን የቅርብ ቤተሰብ ብለው ጻፉት። መውጣቱም ተፈቅዷል። ለዲሴምበር ቆርጫለሁ። የልጅ ልጄ መራመድ ጀምሯል።


ሳሮን_ክሮይደን
ኖቬምበር 27፣ 2021

ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ፈልጌ ፈልጌ ይህን ክር አገኘሁ። ወንድሜ ጆሃንስበርግ ነው። ሱቅ አለው። ለገና ሊጠይቀኝ ሊመጣ ነበር። ትናንት ከቀትር ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋና፣ ናሚቢያ፣ ዚምባብዌ፣ ሌሶቶና ኤስዋቲኒ ሬድ ሊስት ገቡ አሉ። በአዲሱ ዝርያ ምክንያት። የቪዛው ክፍያ አልቋል፣ ቲኬቱም ተቆርጧል። ሆቴል ከከፈልኩለት ያስገቡታል?


ሰኔን_ጠባቂ
ኖቬምበር 27፣ 2021

ሳሮን እህቴ፣ እንኳን መጣሽ። መጀመሪያ ይህን ንገሪኝ። ወንድምሽ እዚህ የመኖሪያ መብት አለው ወይስ የጉብኝት ቪዛ ነው የያዘው? የጉብኝት ከሆነ ሆቴሉን እንዳትከፍዪ፤ ገንዘብሽ እንዳይቀልጥ። የቲኬቱን ቀን ወደፊት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂ። ሌላ ሀገር 10 ቀን ይቆይ የሚልሽ ካለ ደግሞ፣ ያቺ ሀገር መሀል ላይ ብትዘጋ የሚያርፍበት ሰው እንዳለው አስቀድመሽ አረጋግጪ። ስልክሽን በግል ላኪልኝ፤ ልጄን አስተኝቼ ማታ እደውልልሻለሁ።